የታችኛው መስክ ኪራይ

ባሊናቬግ፣ ሜዮ
ኦክቶበር 10 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ ለፌስተስ ላቬል፣ ግላስጎው

እግዚአብሔርና እናቱ ማርያም ከእርስዎ ጋር ይሁኑ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ያስቸገረን ዝናቡ ብቻ ነው።

እንደየዓመቱ የግብር ማሳወቂያ ቅጽዎን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ጎረቤትዎ ወይዘሮ ዊልማ ባለችበት ምልክትዎን አድርገው ይመልሱልኝ። የዘንድሮው ግን እንደ አምናው በአንድ ምልክት የሚያልቅ አይመስለኝም።

እንደሚያውቁት ከእርሻ ዕቃ መደብሩ በላይ ባለችው ክፍሌ የሰማንያ ሰው ግብር እሠራለሁ። ከውጭ ሲያዩት ቁጥር መደመር ይመስላል፤ ሥራው ደረሰኝ መለመን ነው። አንዱ የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ ወረቀት ተሸክሞ ይመጣል፤ ግማሹን አይጥ በልቶታል። የዓሣ አጥማጁ ወረቀቶች ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው፤ ማሞቂያው ላይ አሰጣቸውና ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ዓሣ ዓሣ ሲል ይከርማል። ባለፈው ደግሞ አንዱ ከብት ሻጭ፣ ሸጦ ሲጨርስ ለገዢው መልሶ የሚያስጨብጣትን የምርቃት ገንዘብ ወጪ ውስጥ አስገቢልኝ አለኝ። ደረሰኝ አለህ ወይ ስለው፣ «ምርቃት በደረሰኝ የሚሰጥ ማን አባቱ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ግብር መሥሪያ ቤቱ ጽፎልኛል። ፓኪ ሩዋን በታችኛው መስክዎ ከብቶቹን ስለሚያሰማራ፣ በየዓመቱ ስድስት መቶ ፓውንድ ኪራይ ለፌስተስ ላቬል ከፍያለሁ እያለ ከግብሩ ያስቀንሳል። የእርስዎ ቅጽ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ ኪራይ አልተቀበልኩም ይላል። ሁለቱንም ቅጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም ላይ ያለው ማህተም የእኔ ነው።

እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ ይሉኝ ይሆናል። የአንዱን ደንበኛ ወረቀት ለሌላው አለማውራት የሥራዬ ሕግ ነው። እናንተ የነገራችሁኝን ጻፍኩ፤ ጽፌም ዝም አልኩ። አሁን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለጠየቀኝ ነው አፌን የከፈትኩት። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ መልስ ካልሰጠሁ፣ እያወቀች የሐሰት ቅጽ አስገብታለች ተብዬ የሰው ግብር የመሥራት ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ከዚህ ክፍል ሌላ እንጀራ እንደሌለኝ ያውቃሉ።

ስለዚህ በትሕትና ልጠይቅዎ። ፓኪ ኪራዩን ይሰጥዎታል ወይስ አይሰጥዎትም? የወይዘሮ ዊልማን ስልክ ቁጥር ቢልኩልኝ በእሷ በኩል ወዲያው እንጨርሰው ነበር።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ የኦስቲን ልጅ
አትራክታ


ግላስጎው
ኦክቶበር 29 ቀን 1994

ለወንድሜ ልጅ ለአትራክታ

ጤና ይስጥሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። ሰባ ዘጠኝ ሞላኝ፤ ደረጃውን አሁንም ሳልደገፍ ነው የምወጣው።

ይህን የምትጽፈው ከታች ያለችው ዊልማ ናት። ፊደሉ የእሷ ነው፣ ቃሉ የእኔ። እሷ ትንሽ እናለስልሰው ትለኛለች፤ እኔ እንደተናገርኩት ጻፊ እላታለሁ። ስለዚህ የከረረ ቃል ብታገኚ የእጅ ስህተት አይደለም።

የስልኩ ነገር አይሆንም። ሠላሳ ዓመት መሿለኪያ ውስጥ ድንጋይ ሳፈነዳ ጆሮዬ እዚያው ቀርቷል። ዊልማ ስልክ አላት። ነገር ግን የላቬል ቤት ጉዳይ በሰው አፍ፣ በሕንፃው ደረጃ ላይ የሚጮህ አይደለም። ቁጥሯን እንዳትሰጥሽ ነግሬያታለሁ።

ቅጹ ላይ ምልክቴን አድርጌ መልሻለሁ። መልሴም የድሮው ነው። ከታችኛው መስክ አንድ ሳንቲም በእጄ ገብቶ አያውቅም። አልገባም ካልኩ አልገባም። እኔ መምህሩ ሲመታኝ ከትምህርት ቤት በመስኮት ወጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ስሜን መጻፍ አልችልም። ምልክቴን ባደረግኩበት ወረቀት ላይ ግን ውሸት ተጽፎ አያውቅም።

ፓኪም ከፍያለሁ ካለ አልዋሸም ይሆናል። ለማን እንደከፈለ ማወቅ ያለባት የተማረችው ናት። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ለአባትሽ የገባሁት ቃል አለ።

ዊልማ ይህ ነገር ግልጽ አይደለም ትላለች። ግልጽ ነው። አትራክታ ይገባታል።

የድሮው ቤታችን ጣሪያ እንዴት ሆነ? ስለ ጣሪያው ስጠይቅሽ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ስለ ዝናቡ ትጽፊልኛለሽ፤ ዝናቡ የሚወርድበትን ግን ትዘይዋለሽ።

አጎትሽ ፌስተስ
የእጁ ምልክት +


ባሊናቬግ
ኖቬምበር 7 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምና ጤና ከላይ ይውረድልዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ አልገባኝም።

ለአባቴ የገቡት ቃል ምንድን ነው? አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱን ልጠይቅ አልችልም። ፓኪን ግን ቢሮዬ አስጠርቼ ጠየቅኩት።

«ፓኪ፣ ኪራዩን ለማን ነው የሚከፍሉት?»

«ለሚገባው።»

«ይህ የሚገባው ሰው ስም የለውም?»

«አጎትሽን ጠይቂ። ፌስተስ ሁሉን ያውቃል። የሰው ምስጢር አውጣ ትይኛለሽ እንዴ፣ የኦስቲን ልጅ?»

«ምስጢሩን ይተዉትና ደረሰኙን ያምጡልኝ።»

«ከገና በኋላ እፈልገዋለሁ። ሚስቴ ናት ያስቀመጠችው። እሷ ስታስቀምጥ ደግሞ እግዜርም አያገኘው» አለና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ።

አጎቴ፣ ተቀብለው ከሆነ ተቀብያለሁ ይበሉ። ነውር የለውም። ከሰማንያ ደንበኞቼ ግማሾቹ በእጃቸው የገባውን ይረሳሉ። አንዱ ሦስት ጥጃ ረስቶ ነበር፤ አስታውሼው ተሳስቀን ጻፍነው። ለእርስዎም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ስለ ጣሪያው እውነቱን ልንገርዎ። ከሁለት ክረምት በፊት ነፋስ ጣለው። ያልነገርኩዎ እንዳያዝኑ ብዬ ነው። የማሠሪያም አልነበረኝም። በሩን ቆልፌዋለሁ፤ ዕቃውን አውጥቼዋለሁ። የእናታችሁን ሳጥን እኔ ጋ አስቀምጫለሁ።

እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ያለው ጊዜ እያጠረ ነው። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

አክባሪዎ አትራክታ


ግላስጎው
ዲሴምበር 12 ቀን 1994

አትራክታ

ሰላም ለአንቺ። መልሴ የዘገየው ስለታመምኩ አይደለም። ዊልማ ብዕሯን ይዛ አራት ቀን ወደ እኔ ወጣች፤ አራቱንም ቀን መልሼ ሰደድኳት። የማወጣው ቃል ሴት የምትጽፈው አልነበረም።

ጣሪያው ወደቀ። የተወለድኩበት ቤት ጣሪያ ወድቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ ስትጽፊልኝ ኖርሽ።

በዓመት ስድስት መቶ፣ ለስድስት ዓመት ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ነው። የማያነብ ሰው መቁጠር ያቅተዋል ያለሽ ማን ነው? በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይደለም፣ የደወል ቤት ይሠራበታል። ገንዘቡ የት እንደገባ ሁለታችንም እናውቃለን። አንዳችን ግን የማናውቅ እንመስላለን። ያ መሳይ እኔ አይደለሁም።

እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ድንች ለቀማ ወደዚህ አገር ስሻገር የላሞች በረት ውስጥ ሣር ላይ ነው የተኛሁት። ከዚያ ሣር ላይ ሆኜ ለእናቴ ገንዘብ ልኬያለሁ። ላክልኝ የሚል ደብዳቤ ጠብቄ አላውቅም። ማን ያነብልኝ ነበርና? አሁን ግን ረስተው ይሆናል ትይኛለሽ። ከባለ ጥጃው ጋር ታሳስቂኛለሽ።

በቃ። ግብሩ ስንት ነው? ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። ሌላ ቃል አትጨምሪበት። የኦስቲን ልጅ በመሥሪያ ቤት ስሟ እንዲነሳ አልፈልግም፤ የሠራችውን ብትሠራም።

ዊልማ የመጨረሻውን እንተወው አለችኝ። አንተወውም።

ፌስተስ
+


ባሊናቬግ
ዲሴምበር 20 ቀን 1994

ለአቶ ፌስተስ ላቬል

ለጌታችን ልደት እንኳን አደረስዎ።

ቁጥሩን ብቻ ስላሉኝ ቁጥሩን እጽፋለሁ። የስድስቱ ዓመት ግብር ከነወለዱና ከነቅጣቱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ፓውንድ ይሆናል። ጠቅላላ ገቢውን በራስዎ ቃል አስልተው ስላሳወቁኝ፣ እንደ አመኑ አድርጌ አቅርቤ ቅጣቱ እንዲቀነስ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ ከጃንዋሪ 25 በፊት ይድረሰኝ።

የሠራሁትን ብሠራም ብለዋል። የሠራሁት የእርስዎን ቅጽ ነው፣ ስድስት ዓመት፣ ያለ ክፍያ። እሱን አላነሳም።

አትራክታ ላቬል
የግብር ሥራ ባለሙያ


ግላስጎው
ጃንዋሪ 16 ቀን 1995

አትራክታ

እግዚአብሔር ጤና ይስጥሽ። የጠየቅሽው ገንዘብ በቼክ ከዚህ ጋር አለ። ከየት መጣ እንዳትይ እነግርሻለሁ። ታችኛውን መስክ ለፓኪ ሩዋን ሸጥኩት።

ፓኪ እንደምቸገር ከየት እንደሰማ አላውቅም፤ በመርከብ ተሻግሮ መጣ። ዊልማ ማድ ቤት ተቀምጠን ተከራከርን። ዊልማ ጆሮዬ ላይ እየጮኸች መሃላችን ነበረች።

«ስምንት ሺህ» አለ።

«ፓኪ፣ መስክ ነው ወይስ ዶሮ ነው የምትገዛኝ?»

«ፌስተስ፣ ግማሹ ረግረግ ነው። ጥጃዬን ከዚያ በገመድ ነው የማወጣው።»

«ያንተ ጥጃ ወፍሮ ይሆናል፤ የበላው የእኔን ሣር ነው። አሥር ሺህ።»

ዊልማ ዘጠኝ በሉና ልጄ ቤት ልሂድበት አለች። ዘጠኝ ሺህ አልን። እሱም መዳፉን እንትፍ አለ፣ እኔም እንትፍ አልኩ፣ ተጨባበጥን። በማግሥቱ ጠበቃ ፊት ምልክቴን አደረግኩ። ቼኩን ተቀብዬ ከኪሴ አንድ ባለ ሃያ ፓውንድ ኖት አውጥቼ ምርቃቱን አስጨበጥኩት። የላቬል ልጅ ያለ ምርቃት መሬት ሸጠ እንዳይባል።

ሲወጣ «በልጅቷ አትጨክን፣ ፌስተስ። የማይቸገር የለም» አለኝ። አማላጅሽ ሆነልሽ።

ከዚህ በኋላ የምደብቀው የለኝም። መስኩም ስለሄደ ቃሉም ይሂድ። አባትሽ ስድስት ልጅ ሲያሳድግ፣ የመስኩን ኪራይ ለእሱ እንዲሰጥ ለፓኪ የነገርኩት እኔ ነኝ። ኦስቲን ልጆቼ እንዳይሰሙ አለኝ፤ እሺ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲቀበል አንድ ቀን አላነሳሁበትም። እሱ ሲሞት ፓኪ ኪራዩን ለአንቺ ለቤቱ ጥገና እንደሚሰጥ ነገረኝ። ደግ አደረግክ አልኩት። ስድስት ዓመት ገንዘቡን ተቀብለሽ ጣሪያውን ለነፋስ ተውሽው። ከዚያ ዞረሽ እኔን ተቀብለሃል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ፣ በማህተም።

መስኩን ለአንቺ አስቤው ነበር። ስሞት ታገኚዋለሽ ብዬ። አሁን ያንቺን ዕዳ ከፍሏል፤ እንደሰጠሁሽ ቁጠሪው።

ፌስተስ
+


ባሊናቬግ
ጃንዋሪ 17 ቀን 1995

አጎቴ ፌስተስ

የማርያም ልጅ ይጠብቅዎ። ይህን የምጽፈው እየተጣደፍኩ ነው። በአስቸኳይ ፖስታ ልኬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ፓኪ ሚስቱ ወረቀት የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። ክርክሩ ያለቀለት ሰው መስሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይኸው ደረሰኝሽ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድ አልጎደለም» አለኝ።

ደብተር ነው። ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ገጽ። «የፌስተስን መስክ ኪራይ ከፓኪ ሩዋን ተቀብያለሁ፣ ኦስቲን ላቬል።» የአባቴ እጅ ነው፤ የትም ባየው አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤት ክፍያዬን በምን ይከፍል እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ቁጭ ብዬ ገጹን ገለጥኩ። 1986፣ 1987። ከዚያ 1988ን ዘልሎ 1989 ይላል። 1990። 1991። እስከ አምናው ድረስ፣ ስድስቱም በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቀለም፣ ከሥር «ኦስቲን ላቬል»።

«ፓኪ፣ ይህን ማን ፈረመው?»

«አባትሽ ነዋ። ማንበብ አቃተሽ?»

«አባቴ የሞተው በሰኔ 1988 ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነዎት።»

ደብተሩን አዙሮ አየው። ሚስቱን ሲረግም ሰማሁ፤ ስም ሳትቀይር የበፊቱን እየገለበጠች ጽፋለች። ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። «ለማን ልስጠው ታዲያ? ኦስቲን ሞተ። ፌስተስ ለራሱ አልጠየቀኝ። ለማን ትሰጣለህ ሲለኝ ለልጅቷ እሰጣለሁ አልኩት። አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

«ያልከፈልከውን ከፈልኩ ብለህ በእኔ እጅ አስጻፍክ።»

«ያልኩሽን ጻፍሽ። የአንቺ ሥራ መጻፍ አይደል?»

አጎቴ፣ አንድ ሳንቲም አልሰጠኝም። እርስዎንም አላመንኩዎትም። በትሕትና ቋንቋ ሌባ አልኩዎት፤ በዲሴምበር ደግሞ ያለ ትሕትና ጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ። ግብር የለብዎትም። ምንም አይክፈሉ።

ፓኪ ሲወጣ ግላስጎው ደርሼ መጣሁ፣ የምገዛው ነገር ነበረኝ አለኝ። ልቤ ደንግጧል። ምንም ወረቀት ቢያመጣልዎ ምልክትዎን እንዳያደርጉ። የወይዘሮ ዊልማን ስልክ ከልክለውኛል፤ ባይከለክሉኝ ኖሮ ይህን አሁኑኑ ነበር የምነግርዎ።

አትራክታ


ግላስጎው
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1995

ለወንድሜ ልጅ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዊልማ ደብዳቤሽን ስታነብልኝ ድንገት አቆመች። ምን ሆንሽ አልኳት። መነጽሬን ልጥረግ አለች። ከዚያ ጨረሰችው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ምልክቴን ካደረግኩ ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው።

ተሳስቻለሁ። ዊልማ ይህን ቃል ድገምልኝ አለች፤ ሰምታዋለች፣ ሁለተኛ አልልም። አንቺን በማላውቀው ነገር ጠርጥሬሻለሁ። ፓኪን ግን አመንኩት፤ ለምን ቢባል የአባቱን እጅ ጨብጬ አውቃለሁ። ያንቺን እጅ አላውቀውም። ወረቀት ብቻ ነው የምትልኪልኝ፣ እሱንም ሰው ካላነበበልኝ የማላውቀውን።

መሸጤን ከሰማሽ በኋላ በላክሽው ደብዳቤ፣ ጠበቃ ሽያጩን ሊያፈርሰው ይችላል ብለሽ ጽፈሻል። አላፈርስም። መዳፌን እንትፍ ብዬ ጨብጫለሁ። ደግሞስ ምን ብዬ ነው የማፈርሰው? ዳኛ ፊት ቆሜ ኦስቲን ላቬል ሃያ ሁለት ዓመት በወንድሙ ኪራይ ልጆቹን አበላ ልበል? ለአንቺ መንገሬ ይበቃል። ለመንደሩ አልነግርም።

ዊልማ ይሄ ኩራት ነው ትላለች። አዎ ነው። ሌላ ምን ቀረኝና።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። መሬቱን አልጠይቅም። ኪራዩንም አልጠይቅም፤ የበላው ያንቀው። ያቺን የምርቃት ሃያ ፓውንድ ግን ይመልስ። ያስጨበጥኩት ለጨዋ ገዢ መስሎኝ ነው። ለሌባ አልመርቅም። ቢሮሽ ሲመጣ ፊት ለፊት ጠይቂው፤ ፌስተስ ምርቃቴን መልስ ብሎሃል በይው። እሷን ካገኘሁ ስለ መስኩ ደግሜ አላነሳም።

ፌስተስ
+


ባሊናቬግ
ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1995

ለተከበሩ አጎቴ

ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። የላኩልኝን ቼክ መልሼልዎታለሁ። ለግብር መሥሪያ ቤቱ እውነቱን ጻፍኩ፤ ደብተሩንም አያያዝኩ። የአባቴን ገጾች ማሳየት ግድ ስለሆነብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወረቀቱ ከአንድ ባለሥልጣን መዝገብ አያልፍም ብለውኛል። ፈቃዴ ተርፏል።

ደንበኞቼ ግን አልተረፉም። ፓኪ በየመጠጥ ቤቱ የሰው ወረቀት ለመንግሥት አሳልፋ ሰጠች እያለ ነው፤ ያንን ማለቱ አልበቃ ብሎት እያዘነልኝ ነው የሚያወራው። ሃያ ሦስት ሰው ቆርቆሮውንና ጆንያውን ይዞ ወደ ሌላ የግብር ሠራተኛ ሄዷል። ዓሣ አጥማጁ ቀርቶልኛል። ክፍሉ አሁንም ይሸታል።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ሳልነግርዎ ባልፍ ደስ ባለኝ። የመሬት ሽያጭ ራሱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መታወቅ አለበት። ስድስት ዓመት ባዶውን የላክነው ቅጽዎ ዘንድሮ የሚሞላበት አገኘ። አዘጋጅቼ እልካለሁ።

ፓኪን አግኝቼዋለሁ። እንዳዘዙኝ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አፍሮ መለሰልኝ። ሃያ ፓውንዷ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለች።

አክባሪዎ አትራክታ


ግላስጎው
ማርች 18 ቀን 1995

ለአትራክታ

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። የትናንቱን የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ከዊልማ ጋር ዋልኩ። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ ሾርባው ግን ጥሩ ነበር።

ሃያ ፓውንዷ ደርሳኛለች። ፓኪ አፍሮ መለሰ ብለሻል። ዊልማ አነበበችልኝና ደስ አላት። እኔ ኖቷን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት።

አትራክታ፣ ማንበብ አልችልም። ገንዘብ ግን አያለሁ። እኔ ለፓኪ ያስጨበጥኩት የዚህ አገር ኖት ነበር፣ የስኮትላንድ፤ ከጡረታዬ ላይ የተሰጠኝ፣ ጀርባው ላይ ግንብ ያለበት፣ ጫፉ በሻይ የተበላሸ። ይህ የላክሽልኝ አዲስ ነው፣ የአገር ቤት ኖት ነው። ከአንቺ ቦርሳ እንጂ ከፓኪ ኪስ አልወጣም። ምናልባትም አልጠየቅሽውም። ወይም ጠይቀሽው ሳቀብሽ።

ለመሥሪያ ቤት እውነት ጽፈሽ ሃያ ሦስት ሰው አጣሽ። ለእኔ ግን ውሸት ጻፍሽልኝ፤ ሽማግሌው ተታሎ ደስ ይበለው ብለሽ። አባትሽም እንዲህ ነበር፤ ለሚወደው ሰው እውነት መንገር ያቅተው ነበር። ከእናንተ ቤት ሰዎች የተቀበልኩት ሁሉ ተሸፋፍኖ ነው። ጣሪያው፣ ኪራዩ፣ አሁን ደግሞ ይቺ።

መልሼ ልኬልሻለሁ። አልመለሰም ከሆነ አልመለሰም በይኝ። መስማት እችላለሁ፤ ጆሮዬ ነው እንጂ የሄደው።

ቅጹን ላኪው። ሽያጩን እንደሆነው ሙይው፤ ዘጠኝ ሺህ፣ ለፓኪ ሩዋን። ምርቃት ሃያ ፓውንድ፣ ደረሰኝ የለም ብለሽ ጨምሪበት። አይቀነስም ትይኛለሽ፤ አውቃለሁ፣ ግን ይጻፍ። የሚመጣው ዓመት ቅጽ ላይ ደግሞ መሬት የሚለው ጋ ምንም አትጻፊ። ባዶውን ላኪልኝ፤ ምልክቴን አደርግበታለሁ። ያን ጊዜ እውነት ይሆናል።

አጎትሽ ፌስተስ ላቬል
+